«እስማማለሁ» የምትለው ቁልፍ ታሪክ፦ ከስቶክሆልም እስከ አዲስ አበባ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ አበው። ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ከስቶክሆልም የምናቀርብላችሁ ሐተታ የሚያነሣው ጉዳይ በመጀመሪያ እይታ ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። አንድ ድረ ገጽ በከፈትን ቁጥር፣ ገና አንድ መስመር ሳናነብ፣ ፊታችን ላይ የሚደነቀረው «ኩኪ እንድናስቀምጥ ይስማማሉ?» የሚለው ሣጥን ነው፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ «ዕድሜዎን ያረጋግጡ» የሚለው ጥያቄ ተከትሎታል። ብዙ ወገኖቻችን ይህን ሣጥን ከዓይናቸው ለማራቅ የማስታወቂያ ማገጃ የተባለውን መሣሪያ ይጭናሉ። ነገሩ እዚያ ላይ የሚያበቃ ቢሆን ኖሮ የታሪክ ጽሑፍ ባላስፈለገው ነበር። ይሁንና ከሣጥኑ በስተጀርባ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ያስቆጠረ አንድ ጥያቄ አለ፤ የሰውን ጉዳይ ለመመዝገብ ማን ማንን ማስፈቀድ ይገባዋል? ለስደተኛውና በአገር ቤት ተሳቆ ለሚያነብ ወገን ይህ የምቾት ሳይሆን የደኅንነት ጥያቄ ነው። ዘመናቱን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናሳስባለን።

ታሪኩ የሚጀምረው ኢንተርኔት በየቤቱ ከመግባቱ አስቀድሞ፣ በዚህችው በስዊድን ነው። በ1970 የተካሄደውን የሕዝብና የቤት ቆጠራ ምክንያት በማድረግ፣ ስዊድናውያን መንግሥት በኮምፒውተር ስለሚያከማቸው የግል መረጃ ብርቱ ክርክር ገጠሙ። ከ1947 ጀምሮ እያንዳንዱ ነዋሪ የግል መለያ ቁጥር ስለተሰጠው፣ በየመሥሪያ ቤቱ የተበታተነውን መዝገብ በዚያ አንድ ቁጥር ማገጣጠም እንደሚቻል ሕዝቡ ተገነዘበ። ክርክሩም በ1973 ዳታላገን የተባለውን ሕግ ወለደ። በአገር አቀፍ ደረጃ የወጣ የመጀመሪያው የዓለማችን የመረጃ ጥበቃ ሕግ ይህ ነው። ሕጉን የሚያስከብር መሥሪያ ቤትም ተቋቋመ፤ ከ2021 ጀምሮ የግላዊነት ጥበቃ ባለሥልጣን በሚል ስያሜ ይጠራል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን የራሳችንን አገር እንመልከት። በዚያው በ1973 በወሎ ረሃብ ሕዝብ እየረገፈ ነበር። የስዊድን ሕዝብ «መንግሥት ስለ እኔ ብዙ አወቀ» ብሎ በተሟገተበት ዓመት፣ የኢትዮጵያ ሕዝብ መንግሥቱ ስለ ወገኖቹ እልቂት የሚያውቀውን እንዳያውቅ ተሸፍኖበት ነበር። ዓለም ጉዳዩን የተረዳው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በቴሌቪዥን ባሳየው ፊልም ነው። በአንዱ አገር ክርክሩ መንግሥት ስለ ዜጋው ምን ያህል ይወቅ የሚል ነበር፤ በሌላው አገር ዜጋው ስለ መንግሥቱ ምን ያህል ይወቅ የሚለውን እንኳ መጠየቅ አይቻልም ነበር።

ወደ ኩኪው እንመለስ። በ1994 ኔትስኬፕ በተባለው ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሉ ሞንቱሊ፣ ድረ ገጽ ጎብኚውን የሚያስታውስበትን ትንሽ የጽሑፍ ምልክት ፈጠረ። ሐሳቡ በጎ ነበር፤ ሸማቹ በቅርጫቱ ያኖረው ዕቃ ገጽ በቀየረ ቁጥር እንዳይጠፋበት ነው። ብዙም ሳይቆይ ግን የማስታወቂያ ኩባንያዎች ምልክቷን ለሌላ ተግባር አዋሏት። አንድ ኩባንያ በሺህ ድረ ገጾች ላይ ማስታወቂያ ካለው፣ ያችው ምልክት ሰውዬው ከየት ወደ የት እንደሄደ፣ ምን እንዳነበበና ምን ያህል ጊዜ እንደተመለሰ ትነግረዋለች። የአውሮፓ ኅብረት በ2002 ባወጣው መመሪያ ጎብኚው እንዲነገረውና እንቢ የማለት መብት እንዲኖረው ደነገገ፤ በ2009 ደግሞ አጥብቆ፣ አስቀድሞ ፈቃዱ ይጠየቅ አለ። ስዊድን ይህን በሕጓ ውስጥ አስገብታ ከሐምሌ 1 ቀን 2011 ጀምሮ ሥራ ላይ አዋለችው።

የታሪክ ግጥምጥሞሽ ሆኖ፣ በዚያው ሰሞን ማርቲን ሺብዬና ዮሃን ፐርሾን የተባሉ ሁለት ስዊድናውያን ጋዜጠኞች በኦጋዴን በኢትዮጵያ ጦር ተያዙ። በዓመቱ መጨረሻ በፀረ ሽብር ሕጉ እያንዳንዳቸው 11 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ በመስከረም 2012 በምሕረት ተለቀቁ። አንዲት ኩኪ ለማስቀመጥ እንኳ ፈቃድ ይጠየቅ በተባለበት አገር ተወልደው፣ መጠየቅ ራሱ ወንጀል በሆነበት አገር ታሰሩ።

ይሁንና የአውሮፓው ሕግ እንከን አልባ ነው አንልም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ክትትሉን ራሱን ከማገድ ይልቅ ክትትሉን ማስፈቀድን መረጠ። ኩባንያዎቹም «እስማማለሁ» የሚለውን ቁልፍ በደማቅ ቀለም አስውበው ከፊት ሲያቆሙ፣ «አልስማማም» የሚለውን በሁለትና በሦስት ገጽ ሥር ቀበሩት። ከግንቦት 25 ቀን 2018 ጀምሮ የጸናው የአውሮፓ የመረጃ ጥበቃ ደንብ ዝምታ ስምምነት እንዳልሆነ ደነገገ። የኅብረቱ ፍርድ ቤትም በጥቅምት 1 ቀን 2019 አስቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሣጥን እንደ ፈቃድ አይቆጠርም ሲል በየነ። በጥር 2022 ደግሞ የፈረንሣዩ ተቆጣጣሪ፣ እንቢታን ከእሺታ ይበልጥ አክብዳችኋል በማለት በጉግል ላይ 150 ሚሊዮን፣ በፌስቡክ ላይ 60 ሚሊዮን ዩሮ መቅጣቱን አስታወቀ።

ሕግ በዘገየበት ቦታ ተራው ሰው የራሱን መላ መዘየዱ አይቀርም። በ2002 ሄንሪክ ኦስተድ ሶረንሰን የተባለ ዴንማርካዊ ተማሪ አድብሎክ የተባለውን ማገጃ ጻፈ። በ2006 ቭላዲሚር ፓላንት አድብሎክ ፕላስን አወጣ። በ2014 ደግሞ ሬይመንድ ሂል ዩብሎክን አበረከተ፤ በዓመቱም ዩብሎክ ኦሪጅን የተባለው ዛሬ ብዙዎች የሚያምኑት መሣሪያ ከዚያ ወጣ። አሠራሩ ውስብስብ አይደለም። በጎ ፈቃደኞች የክትትልና የማስታወቂያ አድራሻዎችን ዝርዝር ያዘጋጃሉ፤ መሣሪያውም ብሮውዘራችን ወደ እነዚያ አድራሻዎች እንዳይደውል ይከለክላል። ሌላ ዓይነት ዝርዝር ደግሞ የኩኪ ሣጥኖችን ከገጹ ላይ ይሸሽጋል፤ በዩብሎክ ኦሪጅን የማጣሪያ ዝርዝሮች ገጽ ላይ የኩኪ ማስታወቂያዎች የሚለውን ምልክት ማድረግ ይበቃል።

ልዩነቱን ግን ማወቅ ያሻል። ሣጥኑን መሸሸግ አልተስማማሁም እንደማለት ነው፤ በሕጉ ዝምታ እሺታ አይደለምና። ሕጉን የማያከብር ድረ ገጽ ግን ሳይጠይቅም ይከታተላል፤ ስለዚህ ሣጥኑን ከመሸሸግ ጋር ክትትሉን የሚያግደውም ዝርዝር ሊኖር ግድ ነው። አንዳንድ መሣሪያዎች ደግሞ ከሣጥኑ ለመገላገል ሲሉ በእኛ ስም «እስማማለሁ» ይላሉ። በተቃራኒው የዴንማርኩ ኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሠሩት ኮንሰንት ኦ ማቲክ እኛን ወክሎ እንቢ ይላል። ወኪልን ከመሾም በፊት ማንን ወክሎ እንደሚናገር መመርመር የአባቶቻችን ወግ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንምጣ። የኢትዮጵያ ተቃዋሚ ድረ ገጾችና ጦማሮች ከግንቦት 2006 ጀምሮ በአገር ቤት መታገድ ጀመሩ። በግንቦት 2012 ቶር የተባለው ማንነትን የሚሰውር መረብ ታገደ። ያ የእገዳ ዘመን ነበር፤ በሩ ተዘግቶ አንባቢው ውጭ ይቀራል። ከዚያ የተከተለው ግን በር ከፍቶ መጋበዝ ነበር። በመጋቢት 2013 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የግንቦት ሰባት አባላትን ፎቶግራፎች እንደ ማጥመጃ የተጠቀመ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም ማግኘቱን ገለጠ። በየካቲት 2014 የኢሳት ጋዜጠኞች በጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም መሣሪያ መጠቃታቸውን አሳወቀ። በታኅሣሥ 2017 ደግሞ ሳይበርቢት በተባለ የእስራኤል ኩባንያ ምርት በውጭ የሚኖሩ የኦሮሞ ተሟጋቾችና ሌሎችም ዒላማ መደረጋቸውን በዝርዝር አወጣ።

የዚህን የመጨረሻውን ዘዴ አንባቢያን በጥሞና እንዲያጤኑልን እንሻለን። ለተጠቂው በኢሜይል አንድ ማስፈንጠሪያ ይላክለታል፤ ሲከፍተው የሚታወቅ የቪዲዮ ድረ ገጽ የሚመስል ገጽ ይመጣል። ቪዲዮውን ከማየቱ በፊትም አዶቢ ፍላሽን እንዲያድስ የሚጠይቅ ሣጥን ይቀርብለታል። እሺ ብሎ የጫነው ፕሮግራም ሰላዩ ራሱ ነው! እንግዲህ በቀን ውስጥ በየድረ ገጹ «እስማማለሁ»፣ «እስማማለሁ» እያለ ጣቱን ያለማመደ ሰው፣ ያንን አንዱን ሣጥን ከሌላው በምን ይለየዋል? በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለዚህ ነው። የማስታወቂያ ማገጃ ለስደተኛው የሚሰጠው ትልቁ ጥቅም በእኛ እምነት ከማስታወቂያ መገላገሉ አይደለም። ከንቱ ሣጥኖችን ከፊታችን በማራቅ፣ የቀረው አንድ ሣጥን ብቅ ሲል ቆም ብለን እንድናስብ ዕድል ይሰጠናል።

በአገር ቤት ደግሞ ራስን መጠበቅ በራሱ ያስከስስ ነበር። በሚያዝያ 2014 የታሰሩት የዞን ዘጠኝ ጦማርያንና ጋዜጠኞች በሽብር ሲከሰሱ፣ መረጃን ስለመጠበቅ ሥልጠና መውሰዳቸው በክሱ ውስጥ ተጠቅሷል፤ የሥልጠናው መሣሪያ ግን በማንኛውም ሰው እጅ ሊገባ የሚችል፣ በይፋ የተሰራጨ መመሪያ ነበር። በሰኔ 2018 መንግሥት የ264 ድረ ገጾችንና የቴሌቪዥን ጣቢያዎችን እገዳ ማንሣቱን ባስታወቀ ጊዜ ብዙዎቻችን ተደስተን ነበር። ዳሩ ግን በኅዳር 2020 ትግራይ፣ በነሐሴ 2023 የአማራ ክልል ከኢንተርኔት ተቆረጡ። ጠቅላላው መስመር ሲቆረጥ የሚጠየቅ ፈቃድም፣ የሚነካ ቁልፍም የለም።

ዕድሜን ማረጋገጥ የሚለው አዲሱ ጉዳይ ይህን ሁሉ አንድ እርምጃ ያራምደዋል። ከሐምሌ 25 ቀን 2025 ጀምሮ ብሪታንያ የአዋቂዎች ይዘት ያላቸው ድረ ገጾች የጎብኚያቸውን ዕድሜ በአስተማማኝ መንገድ እንዲያጣሩ አስገድዳለች፤ አውስትራሊያም ከታኅሣሥ 10 ቀን 2025 ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች የማኅበራዊ መገናኛ ገጽ እንዳይኖራቸው ከልክላለች። ልጆችን መጠበቅ ማንም የማይቃወመው ዓላማ ነው። እዚህ ላይ ማገጃው አቅሙ ውስን መሆኑን እንወቅ፤ «18 ዓመት ሞልቶኛል» የሚለውን ተራ ሣጥን ሊሸሽግ ይችላል፣ መታወቂያ ወይም የፊት ምስል የሚጠይቀውን ግን ሊያልፈው አይችልም፤ ፍተሻው የሚካሄደው በእኛ ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን በእነርሱ ዘንድ ነውና። አደጋውም እዚያው ነው። በጥቅምት 2025 ዲስኮርድ የተባለው ኩባንያ የ70,000 ያህል ተጠቃሚዎች የመታወቂያ ምስሎች በአንድ አገልግሎት ሰጪ በኩል ሳይጋለጡ እንዳልቀሩ አስታውቋል፤ ከዕድሜ ማጣራት ጋር በተያያዘ የተሰጡ ምስሎች ናቸው።

ይህ ለስደተኛው ምን ማለት ነው? በስዊድን የመኖሪያ ፈቃድ የሚጠባበቅ ጥገኝነት ጠያቂ የግል መለያ ቁጥር የለውም፤ ያለዚያ ቁጥር ደግሞ ባንክአይዲ የተባለውን መታወቂያ አያገኝም። በእጁ ያለው የሸሸበት አገር ሰነድ ብቻ ሊሆን ይችላል። ያንን ፎቶ አንሥቶ ለማያውቀው ኩባንያ መስጠት ቀላል ነገር አይደለም። ስጋቱ የፈጠራ ወሬ ላለመሆኑ በ2010 የስቶክሆልም ፍርድ ቤት በስደተኛ ኡይጉሮች ላይ ለቻይና መረጃ ሲሰበስብ የተገኘን ሰው በእስራት መቅጣቱ ምስክር ነው።

ሚዛናዊ ለመሆን የማገጃውንም ገበና እንናገር። የስደት ድረ ገጾቻችን ብዙዎቹ የኖሩት ከጉዞ ወኪልና ከስልክ ካርድ ሻጭ በሚገኝ ማስታወቂያ ነው፤ ሁሉን ያገደ አንባቢ የራሱን ድምፅ ያስርባል። ለዚህ መላው ቀላል ነው፤ የምናምነውን ድረ ገጽ በማገጃው ዝርዝር ውስጥ ነጻ ማድረግ ወይም በቀጥታ መርዳት ይቻላል። ማገጃ ነኝ የሚል ሁሉም ማገጃ አይደለም። በሚያዝያ 2018 አድጋርድ የተባለው ኩባንያ በጉግል ክሮም መደብር ውስጥ ከ20 ሚሊዮን ጊዜ በላይ የተጫኑ ሐሰተኛ ማገጃዎች መኖራቸውን አጋልጦ ነበር። በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው ጅብ ማለት ይህ ነው። ስለዚህ መሣሪያውን ከሠሪው ገጽ አግኝቶ መጫን፣ ስሙን ፊደል በፊደል ማረጋገጥ፣ ከአንድ በላይ አለማብዛት ይበጃል። ጉግል በክሮም ላይ ያደረገው ለውጥ ዩብሎክ ኦሪጅንን ከ2024 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ስላስወጣው፣ ሙሉውን መሣሪያ የሚሻ ፋየርፎክስን ቢጠቀም ይሻለዋል።

ኢትዮጵያም በ2024 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አውጥታለች። የወረቀቱን መኖር አንንቅም፤ የስዊድንም ነጻነት በወረቀት ነው የጀመረው። ነገር ግን የስዊድኑን ሕግ ሕይወት የሰጠው ሕዝቡ መንግሥትን «ይህን ለምን ትመዘግባለህ?» ብሎ ያለ ፍርሃት መጠየቅ መቻሉ ነበር። ሕጉ ከኩባንያው አልፎ የደኅንነት መሥሪያ ቤቱንም የሚጠይቅበት፣ ተቆጣጣሪው ከአስፈጻሚው ጥላ የሚወጣበት ቀን እስኪመጣ ድረስ፣ «እስማማለሁ» የምትለው ቃል በአፋችንም በጣታችንም ላይ ትክበድ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ የእኛ መረጃ ግን አንዴ ከፈሰሰ የሚለቀም አይደለም።