«መንግሥት ቤቴ አይገባም»፦ ሴክሽን ኤይት ከየት መጣ?

ዛሬም ረዘም ይላል፤ ቡና የያዘ ያንብብ፣ የቸኮለ ሴቭ ያድርገው። «ዓ.ም.» ካላልኩ ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

ባለፈው ሐሙስ ሜትሩን ዘግቼ አንዲት እህታችንን ከሁለት ልጆቿ ጋር ይዤ ሜሪላንድ ውስጥ ቤት ስናይ ዋልን። የኪራይ ድጋፍ ቫውቸር ከደረሳት ቆይቷል፤ ቤት ሳታገኝበት ሊቃጠልባት 19 ቀን ነበር የቀራት። አራተኛው ቤት የአበሻ ነበር። ሰላም ተባባልን፣ ሰፈር ተጠያየቅን፣ ልጆቹ ክፍል እስከ መከፋፈል ደረሱ። «ቫውቸር አለኝ» ስትል ግን የሰውየው ፊት ተለዋወጠ። «የኔ እህት፣ እኔ መንግሥት ቤቴ ውስጥ አላስገባም» አላት።

በክፋት አልነበረም። ስንወጣ እኔን ወደ ጎን ወሰድ አድርጎ «አባቴ አራት ቤት ነበረው። በአንድ አዋጅ አንድ ቀረው። አንተ አትደርስበትም» አለኝ።

እውነቱን ነው፣ አልደርስበትም። እሱ የሚያወራው ስለ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት የሆነበት አዋጅ ቁጥር 47 የወጣበት ቀን። እሷ በቦርሳዋ የያዘችው ወረቀት ደግሞ የመጣው ፕሬዚዳንት ፎርድ ኦገስት 22 ቀን 1974 ከፈረመው ሕግ ነው። በእኛ ሲቆጠር ነሐሴ 16 ቀን 1966 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ንጉሡ በቮልስዋገን ከቤተ መንግሥት የወጡት ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ነው። በሁለቱ ሕጎች መካከል ያለው አሥራ አንድ ወር ብቻ ነው፣ ሁለቱም ስለ ኪራይ ቤት ናቸው፣ የሄዱት ግን ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ነው። የእኛው መንግሥት አከራይ ሆነ። የአሜሪካው ደግሞ አከራይነት ሰልችቶት ከፋይ መሆን ጀመረ። ጋሼ አንዱን በሌላው ነው የፈሩት።

አሜሪካኖቹ ለምን ሰለቻቸው? ነገሩ በ1937 ይጀምራል። ሩዝቬልት በዚያ ዓመት በፈረመው የቤቶች ሕግ መሠረት የፌዴራል መንግሥት የግንባታውን ዕዳ ይከፍላል፤ የየከተማው የቤቶች ባለሥልጣን ደግሞ ማስተዳደሪያውንና ጥገናውን ከኪራይ ይሸፍናል። በወቅቱ የቤት ነጋዴዎች ማኅበራት «መንግሥት አይሥራ፣ ለድሃው የኪራይ ኩፖን ይስጥ» ብለው ተከራክረው ነበር። አልተሰሙም። በ1949 ደግሞ ትሩማን የ810,000 ቤት ዕቅድ ያለበትን ሕግ ፈረመ።

የወደቀው በሒሳቡ ነው። መሐንዲስ ሆኜ በሠራሁበት ዘመን አንድ ነገር ተምሬያለሁ፦ ሕንፃ በግንባታ ዋጋው አይደለም የሚኖረው፣ በጥገናው ነው። ሴንት ሉዊስ ውስጥ ፕሩት አይጎ የሚባል መንደር በ1950ዎቹ ተሠራ። 33 ሕንፃ፣ እያንዳንዱ 11 ፎቅ፣ በድምሩ ከ2,800 በላይ ቤት። ንድፉን የሠራው ሚኖሩ ያማሳኪ ነው፤ በኋላ የኒውዮርክን መንታ ፎቆች የነደፈው። ወጪ ለመቀነስ ተብሎ ሊፍቱ በየፎቁ እንዳይቆም ተደረገ፤ የሚቆመው በ1ኛ፣ በ4ኛ፣ በ7ኛና በ10ኛ ብቻ ነው። የተቀረው ሰው ዕቃውንና ሕፃኑን ተሸክሞ ጨለማ ደረጃ ይወጣል፣ ይወርዳል። (ይህን ያጸደቀው ሰው አንድ ቀን እንኳ አስቤዛ ይዞ ቢሞክረው ኖሮ!) ነጮቹም ገቢ ያላቸው ጥቁሮችም ወደ ሌላ ሰፈር ሄዱ፤ የቀሩት በጣም ድሆች ናቸው። ኪራዩ ጥገናውን አልችል አለ። ኪራይ ሲጨመር አንዳንዱ ተከራይ ከገቢው ከግማሽ በላይ መክፈል ጀመረ። በ1969 የሴንት ሉዊስ ተከራዮች ኪራይ አንከፍልም ብለው አደሙ። በ1972 ሕንፃዎቹን በፈንጂ ማፍረስ ተጀመረ።

እኔ ያደግኩት ቀበሌ ቤት ነው። ኪራዩ የሻይ ዋጋ ነበር፤ ጣሪያው ግን ያፈስ ነበር፣ ማንም አይጠግነውም፣ ራሳችን እንጠግን ብንል ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ፕሩት አይጎን ሳነብ አልገረመኝም። ሰባት ሰሀን ደርድረን የጣሪያ ጠብታ ስንቀበል ያየሁት ያንኑ ሒሳብ ነው።

በዚያው በ1969 የማሳቹሴትሱ ሴናተር ኤድዋርድ ብሩክ በስሙ የሚጠራውን ማሻሻያ አስወጣ፦ የመንግሥት ቤት ተከራይ ከገቢው ከ25 በመቶ በላይ አይክፈል። በ1981 ይህ 30 በመቶ ሆነ። ዛሬ ሁላችሁም «30 በመቶ» የምትሉት ከዚያ የመጣ ነው። ለተከራይ እፎይታ ነበር፤ ግን ቀሪውን ማን ይሙላ? ኒክሰን በጃንዋሪ 1973 አዲስ የድጎማ ግንባታ ይቁም አለ።

እዚህ ላይ ነው እንደ መሐንዲስ የማደንቃቸው። ድልድይ ከመከፈቱ በፊት በአሸዋ የተሞላ መኪና ይነዳበታል። እነሱም ሞከሩት። በ1970 ሕግ በተፈቀደው ሙከራ በግሪን ቤይ፣ ዊስኮንሰንና በሳውዝ ቤንድ፣ ኢንዲያና አካባቢ ገቢው ለሚፈቅድለት ሁሉ የኪራይ ድጋፍ ተሰጠ። ጥያቄው አንድ ነበር፦ አከራዮች ገንዘቡን አይተው ኪራይ ይሰቅላሉ ወይ? የተፈራው አልሆነም፤ የአካባቢው ኪራይ ይህ ነው የሚባል ጭማሪ አላሳየም። የ1974ቱ ሕግ ሙከራው ሳያልቅ ቢወጣም፣ በዚያው አቅጣጫ ነው የሄደው። የ1937ቱ ሕግ ስምንተኛ ክፍል እንደ አዲስ ተጻፈ፤ «ሴክሽን ኤይት» ማለት ይኸው ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

መጀመሪያ የተሰጠው ወረቀት ሰርተፊኬት ይባል ነበር፤ ኪራዩ ከመንግሥት ጣሪያ በአንድ ዶላር ቢያልፍ ቤቱ አይፈቀድም። በ1983 ቫውቸር የሚባለው መሞከር ጀመረ፤ ከጣሪያው የሚያልፈውን ተከራዩ ከኪሱ መጨመር ይችላል። በ1998 ክሊንተን በፈረመው ሕግ ሁለቱ ተዋሃዱ። ዛሬ ወደ 2.3 ሚሊዮን ቤተሰብ ይጠቀምበታል።

አሁን አሠራሩን በቁጥር። ቁጥሩ የእኔ ምሳሌ ነው። የእህታችን ተቀናንሶ የተያዘ የወር ገቢ 2,400 ዶላር ይሁን። የእሷ ድርሻ 30 በመቶ፣ 720 ነው። ቢሮው ለሁለት መኝታ ያስቀመጠው ጣሪያ 2,100 ይሁን። ኪራዩ ከመብራትና ከጋዙ ጋር 2,000 ከሆነ ቢሮው 1,280 ይከፍላል። ኪራዩ 2,300 ከሆነ ግን ቢሮው የሚከፍለው 1,380 ላይ ይቆማል፣ እሷ 920 ትከፍላለች። 2,400 ከሆነስ? የእሷ 1,020 ይሆናል፤ ይህ ከገቢዋ 40 በመቶ ስለሚያልፍ ቤቱን ሲጀመር አይፈቅዱላትም። «ቫውቸር ካለሽ ምን ቸገረሽ፣ የፈለግሽውን ተከራዪ» የምትሉ ይህችን መስመር ሁለት ጊዜ አንብቧት።

ለአከራዮች ደግሞ። ውሉ ሁለት ነው። አንዱ ከተከራይዋ ጋር የምትፈራረሙት የተለመደው ሊዝ ነው፤ ሌላው ከቢሮው ጋር የሚደረግ የክፍያ ውል። ቤቱ የእናንተ ነው። ተከራይ የምትመርጡት እናንተ ናችሁ፤ የቀድሞ አከራይዋን መጠየቅም ይቻላል፣ ቢሮው የጠባይ ዋስትና አይሰጥም። ከመግባቷ በፊት ኢንስፔክተር ይመጣል፦ የጭስ ማስጠንቀቂያ፣ የሚከፈት መስኮት፣ ሙቅ ውኃ፣ ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት ከሆነና ሕፃን ካለ የተላላጠ ቀለም። ኪራዩ ከአካባቢው ጋር ሲነጻጸር ተገቢ መሆኑም ይታያል። ሥራ ብታጣ የእሷ ድርሻ ይወርዳል፣ የቢሮው ይጨምራል፤ ይህን መድን የሚሰጥ ሌላ ተከራይ አላውቅም።

የአከራዮች እውነተኛ ቅሬታም አለ፣ አልደብቅም። ኢንስፔክሽኑ እስኪያልፍና ወረቀቱ እስኪያልቅ ቤቱ ባዶ ይቀመጣል፣ ለዚያ ጊዜ የሚከፍል የለም። ትልልቆቹ ይችሉታል። ሞርጌጅ ላለበት ለአንድ ቤት ባለቤት ግን አንድ ወር ብዙ ነው።

ሁለት የእኛ ሰው ችግሮች አሉ። አንደኛ፣ «ቢሮው የማያውቀው 200 ዶላር ከጎን ጨምሪ» የሚባለው ማጭበርበር ነው፤ ሁለታችሁንም ያስጠይቃል፣ እሷ ቫውቸሩን ታጣለች። ሁለተኛ፣ ለእናት፣ ለልጅ፣ ለእህትና ለወንድም ማከራየት ከአካል ጉዳት ጋር የተያያዘ ልዩ ፈቃድ ከሌለ አይቻልም። የአክስት ልጅ ይፈቀዳል፤ የአበሻ ዘመድ ሁሉ የአክስት ልጅ መሆኑን ኮንግረስ አላሰበበትም።

አከራይ ይገደዳል ወይ? በፌዴራል ሕግ አይገደድም። በ1987 «አንድ የተቀበለ ሌላውንም አይመልስ» የሚል አንቀጽ ገብቶ ነበር፤ ብዙዎች አንድም ላለመቀበል ምክንያት አደረጉት፣ በ1996 ታገደ፣ በ1998 ተሰረዘ። የእኛ አካባቢ ግን ሌላ ነው። ዲሲ ውስጥ በቫውቸር ምክንያት እምቢ ማለት ክልክል ነው፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያም በ2020 ተከትለዋል። ሜሪላንድ ውስጥ ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበት ትንሽ ቤት ይታለፋል፣ ቨርጂኒያ ደግሞ ጥቂት ቤት ብቻ ላላቸው ልዩነት አላት። ጋሼ እዚያ ቤት አይኖሩም።

ብዙ ሰው «ለስደተኛ ሁሉ ይሰጣል» ይላል። አይሰጥም። ግሪን ካርድ ያለው፣ በዲቪ የመጣውንም ጨምሮ፣ ይችላል፤ ጥገኝነቱ የጸደቀለትም ይችላል። ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ያለ አይችልም። የሚችለውም ቢሆን እንደ ፉድ ስታምፕ ብቁ ስለሆነ ብቻ አያገኝም፤ በጀቱ ባለቀበት ይቆማል። ከአራት ብቁ ቤተሰብ የፌዴራል የኪራይ ድጋፍ የሚደርሰው ለአንዱ ያህል ነው። ዲሲ በ2013 የወረፋ ዝርዝሩን ሲዘጋ ከ70,000 በላይ ስም ነበረበት። እህታችን ስሟን ስትጽፍ ትልቋ ልጅ አልተወለደችም ነበር። አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

የልጅቷን ዕድሜ ያነሳሁት በምክንያት ነው። ቺካጎ ውስጥ ዶሮቲ ጎትሮ የምትባል የመንግሥት ቤት ተከራይና ጓደኞቿ በ1966 ከሰሱ፤ ጥቁሮችን በጥቁር ሰፈር ብቻ ታስቀምጣላችሁ ብለው። ጉዳዩ በ1976 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲወሰን እሷ በሕይወት አልነበረችም። ከዚያ በመነሳት በ1990ዎቹ በባልቲሞር፣ በቦስተን፣ በቺካጎ፣ በሎስ አንጀለስና በኒውዮርክ ቤተሰቦች በዕጣ ተመርጠው ድህነት ያነሰበት ሰፈር እንዲገቡ ቫውቸር ተሰጣቸው። ለወላጆቹ ገቢ ለውጥ አላመጣም፣ ሙከራው ከሸፈ ተባለ። ልጆቹ ሲያድጉ ራጅ ቼቲና ባልደረቦቹ በ2015 የግብር መዝገብ አመሳክረው አዩት፦ 13 ዓመት ሳይሞላቸው በቫውቸሩ የተዛወሩት በሃያዎቹ አጋማሽ ገቢያቸው በ31 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኘ።

ጋሼ ስልኬን ወስደው ነበር። ቅዳሜ ማታ ደወሉ፤ «እስቲ ያን ያልከውን በአማርኛ ጻፍልኝ» አሉኝ፣ ይኸው ጻፍኩ። ትናንት ደግሞ የምድር ቤቱ መስኮት ከወለል ምን ያህል ከፍ ማለት እንዳለበት ጠየቁኝ። እሺ አላሉም፣ እምቢም አላሉም። የቤት ማጽደቂያው ማመልከቻ ቢሮው እጅ ከገባ የቀኑ ቆጠራ ይቆማል። ዛሬ 12 ቀን ቀርቷታል። ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ ዊተን፣ ትምህርት ቤት አጠገብ ሁለት መኝታ ያላችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፤ ኢንስፔክተሩ ከመምጣቱ በፊት ቤቱን እኔ በነፃ አይላችኋለሁ።