በባሕር ላይ ሰው ሲቆጠር

ፈጣኑ መርከብ ከዳሬሰላም ዛንዚባር ለመድረስ ሁለት ሰዓት ያህል ይወስድበታል። አብረውኝ የተሳፈሩት አገር ጎብኚዎች ስለ ነጩ አሸዋና ስለ ቅርንፉዱ ሽታ ያወጋሉ። እኔን ያሳሰበኝ ግን በዚህ ባሕር ላይ ሰው እንዴት ይቆጠር እንደነበር ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት ከኪልዋና ከሌሎች ወደቦች ባሮች በሸራ ጀልባ ታጭቀው ወደዚች ደሴት ይጋዙ ነበር። ከኦማን የመጡት ሱልጣኖች በእያንዳንዱ ባሪያ ላይ ቀረጥ ያስከፍሉ ስለነበር የጉምሩኩ ሰው ቆጠራውን ቸል አይልም። የባሪያው ስም ቢዘለል እንኳ ቁጥሩ አይዘለልም። ሱልጣን ባርጋሽ በእንግሊዞች አስገዳጅነት የባሪያ ገበያውን የዘጉት በ1873 እ.ኤ.አ. ነው። በቦታው ላይም ቤተ ክርስቲያን ተሠራበት።

ከ138 ዓመት በኋላ፣ በሴፕቴምበር 2011 እ.ኤ.አ.፣ «ስፓይስ አይላንደር» የተባለችው መርከብ ከአቅሟ በላይ ጭና ከዛንዚባር ወደ ፔምባ ስትጓዝ ሰጠመች። ከ600 በላይ ሰዎች ተረፉ፤ 200 ያህል አስከሬን ወጣ። በጠቅላላው ስንት ሰው ተሳፍሮ ነበር? ይህ አከራካሪ ሆነ።

እንግዲህ ታሪክ እንዲህ ይፈርዳል፤ ሰው ዕቃ በነበረበት ዘመን ቆጣሪ አላጣም፤ መንገደኛ ሲሆን ግን ቆጣሪ አጣ። ቀረጥ ሲኖር መዝገብ ይከፈታል፤ ትርፍ ሲያጓጓ ይዘጋል። ስለዚህ በወደብ ላይ ስማችንን ሲጠይቁን አንሰልች። ባሕሩ ቢከፋ፣ ቤተሰብ ማንን እንደሚፈልግ የሚያውቀው በዚያች መስመር ነው።