ክዳን፣ መዝጊያ፣ ማጠፊያ፦ የአንድ የሙያ ቃል ታሪክ ከመንዝ ጓሳ እስከ ከተማ ጉድጓድ

በከተሞቻችን የውኃ፣ የፍሳሽ፣ የስልክና የኤሌክትሪክ መሥመሮች ከመሬት በታች መዘርጋታቸው እየተስፋፋ በመጣ መጠን፣ እነዚህን መሥመሮች የሚመለከቱ የጨረታ ሰነዶች፣ የደረጃ መግለጫዎችና የጥንቃቄ መመሪያዎች ወደ ተርጓሚዎች እጅ በብዛት ይገባሉ። በሰነዶቹ ውስጥ ዘወትር አብረው የሚገኙ ሦስት ነገሮች አሉ፤ ሠራተኛው ወደ ውስጥ የሚወርድበት አፍ፣ አፉን የሚሸፍነው የብረት ወይም የሲሚንቶ ገበታ፣ ገበታውንም ከዙሪያው ጠርዝ ጋር አያይዞ እንዲነሣና እንዲወርድ የሚያደርገው ዕቃ። የመጀመሪያው በሠራተኛው አንደበት «ማንሆል» ይባላል። ሁለተኛው «ክዳን»፣ «መክደኛ»፣ «መዝጊያ» ወይም «ሽፋን» እየተባለ በአንድ ሰነድ ውስጥ እንኳ ስሙ ይለዋወጣል። ሦስተኛው «ማጠፊያ» ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ሦስተኛው ነው፤ ነገር ግን ማጠፊያው የሚይዘው ነገር ምን እንደሆነ ሳይታወቅ የማጠፊያውን ቃል መመርመር ስለማይቻል፣ አስቀድሞ ስለ ሁለተኛው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል።

አማርኛ ክፍት የሆነን ነገር ክፍት እንዳይሆን ለማድረግ ቢያንስ ሦስት ግሦች አሉት። በር ይዘጋል፤ ድስት ይከደናል፤ ጉድጓድ ይደፈናል። «ዘጋ» ከግዕዙ «ዘግሐ» ጋር የሚዛመድ ሲሆን መተላለፊያን የሚመለከት ነው፤ በር ብቻ ሳይሆን መንገድም ገበያም ይዘጋል። «ከደነ» በግዕዝም በአማርኛም አንድ ነው፤ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ሽፋንን ያመለክታል፤ በግዕዝ «ክዳን» ልብስንም ይጠራል። «ደፈነ» ግን ክፍተቱን በአፈር ወይም በሌላ ነገር ሞልቶ እስከነጭራሹ ማጥፋት ነው። ልዩነቱ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ጌጥ ይመስል ይሆናል፤ ለሥራ መመሪያ ግን ከባድ ነገር ነው። «ጉድጓዱ ሥራ ሲያበቃ ይዘጋ» የሚል ዐረፍተ ነገር የተሰጠው ሰው፣ ክዳኑን መልስ ተባልኩ ብሎም ድፈነው ተባልኩ ብሎም ሊረዳው ይችላል። በአንጻሩ «ይከደን» ቢባል ሁለተኛው ትርጉም አይመጣም።

ሁለቱ ግሦች፣ ማለት «ዘጋ»ና «ከደነ»፣ ጎን ለጎን ቆመው በግልጽ የሚታዩበት ቦታ ቢፈለግ በሰሜን ሸዋ የመንዝ ጓሳ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ የሚገኘው ይህ የሣር ምድር ስሙን ያገኘው ከሚበቅልበት የጓሳ ሣር ነው። ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ የአስቦና የጌራ ተወላጆች ቀሮ በሚባለው ሥርዓት ሲያስተዳድሩት ኖረዋል። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ እስኪያከትም ድረስ ጓሳው በአንድ ጊዜ ለሦስት፣ ለአራት ወይም ለአምስት ዓመታት ይዘጋ ነበር፤ ሣሩ ሲደርስ ደግሞ ይከፈታል። ያለ አጥር፣ ያለ ሣንቃ፣ ያለ ቁልፍ አንድ ተራራ ተዘጋ፣ ተከፈተ መባሉን ልብ ይሏል። ግሡ የጠየቀው በር ሳይሆን መግባትና አለመግባት የሚፈቀድበትን ሥልጣን ነው። ሣሩ ከታጨደ በኋላ ከሚውልባቸው አገልግሎቶች ዋናው ደግሞ ቤት መክደን ነበር። «ክዳን» በመንዝ ገበሬ አፍ ከድስት ግጣም ይልቅ አስቀድሞ የቤቱን ጣራ ሣር የሚያስታውስ ቃል ነው፤ ስለዚህ ጓሳ የሚዘጋው ክዳን እንዲገኝ ነው ማለት ይቻላል። የቆርቆሮ ጣራ እየበዛ ሲሄድ «ቤት ከደነ» የሚለው አነጋገር ወደ ቆርቆሮው መሻገሩ አልቀረም፤ ቆርቆሮ ግን ከመከደን ይልቅ «ይመታል»፤ ሚስማርን እያሰቡ የተናገሩት ነው።

ወደ ጉድጓዱ ስንመለስ፣ የአገራችን ሰው ከመሬት በታች ያለ አፍን መክደን ያወቀው በቧንቧ ዘመን አይደለም። በሐረርጌ ማሽላ በጉድጓድ ተቀብሮ ይቀመጣል፤ አፉ በእንጨትና በድንጋይ ተረብርቦ በአፈርና በጭቃ ይመረጋል። ይህ መክደኛ አንድ ጊዜ ሲከፈት ይፈርሳል እንጂ አይዞርም። የድስት ግጣም፣ የምጣድ አክንባሎ፣ የመሶብ ክዳንም ቢሆኑ ተነሥተው ወደ ጎን ይቀመጣሉ። ከልማዳዊ ክዳኖቻችን በአንድ ጎኑ ተይዞ በሌላው የሚነሣ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ማጠፊያ ያለው የጉድጓድ ክዳን ለአማርኛ አዲስ ፍጡር ነው፤ እንደ ክዳን ይወርዳል፣ እንደ መዝጊያ ይዞራል።

መዝጊያ በበኩሉ እንዴት ይዞር ነበር? በጥንት ቤቶችና በአብያተ ክርስቲያናት የምናየው መዝጊያ ወፍራም ሣንቃ ሆኖ፣ ሲጠረብ በአንድ ጎኑ ከላይና ከታች ሁለት ጫፎች ይተዉለታል። የታችኛው ጫፍ በደፉ፣ የላይኛው በጉበኑ በተፈለፈለ ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ ይሽከረከራል። ሚስማርም ብረትም አይነካውም፤ የሣንቃው ክብደት በሙሉ በታችኛው ጫፍ ላይ ያርፋል። ደኻ ቤት ከሆነ ደግሞ መዝጊያው ከመቃኑ ጋር በጠፍር ወይም በገመድ ይታሰራል። በመንዝ የጓሳ ሣር ለጣራ ብቻ ሳይሆን ለገመድም ይውላል። እንግዲህ በልማዳችን በር የሚከፈተው ወይ በመሽከርከር ወይ በእስራት ነበር፤ በመታጠፍ ግን አልነበረም።

ታዲያ «ማጠፊያ» ከየት መጣ? ቃሉ የወጣው ከ«አጠፈ» ነው። በግዕዝ «ዐጸፈ» ይባላል፤ ጸ በአማርኛ ጠ ሆኗል፤ «ሐጸረ» «አጠረ» እንደሆነው፣ «ሐጹር»ም «አጥር» እንደሆነው ማለት ነው። ፍቺው አንዱን በሌላው ላይ መደረብ፣ እጥፍ ማድረግ ነው። ነጠላ ይታጠፋል፤ ወረቀት ይታጠፋል፤ ቃሉን ያልጠበቀ ሰውም ቃሉን አጠፈ ይባላል። ሁለት ቅጠል መሳይ ብረቶች በአንድ ዘንግ ተያይዘው አንዱ በሌላው ላይ የሚደረብበት የፋብሪካ ማጠፊያ ወደ አገራችን ሲገባ፣ ስሙን ያወጣለት ሰው ዕቃውን በእጁ ይዞ እንደ መጽሐፍ ከፍቶ ዘግቶ አይቶታል ብለን ብንገምት ከእውነት የምንርቅ አይመስለኝም። ስሙ ለዕቃው ልክ ነው። ሆኖም ቃሉ ከዚያ ዕቃ አልፎ ተሻግሯል። በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በመጽሐፈ ምሳሌ 26ኛ ምዕራፍ 14ኛ ቁጥር፣ ታካች ሰው በአልጋው ላይ መገላበጡ ከሣንቃ ጋር በተመሳሰለበት ስፍራ፣ ሣንቃው የሚዞረው በ«ማጠፊያ» ላይ ነው። የዕብራይስጡ ቃል «ጺር» ግን የሚሽከረከር ጫፍን የሚያመለክት ነው፤ የሰባ ሊቃናት ትርጉምም «ስትሮፊንክስ» ይላል፤ ይህም «ዞረ» ከሚል ግሥ የተገኘ ነው። የጥንት እስራኤል በር እንደ መንዝ አሮጌ በር ይሽከረከር እንጂ አይታጠፍም ነበር። ተርጓሚዎቹን ለመንቀፍ አይደለም፤ አንባቢያቸው የሚያውቀውን ቃል መረጡ። የሚያሳየው «ማጠፊያ» በዚያን ጊዜ መነሻ ሥዕሉን ትቶ የአገልግሎት ስም ሆኖ እንደነበረ ነው።

በአውሮጳ ቋንቋዎችም ተመሳሳይ ጉዞ አለ። በላቲን «ካርዶ» የሚባለው የሚሽከረከረው የበር ጫፍ ነበር፤ ጣሊያኖች «ካርዲኔ» ያሉት ከዚያ ነው፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን «ካርዲናል» የሚለው ማዕርግም ከዚሁ የበር ዕቃ ይወጣል። የእኛም ሊቃውንት ከበር ዕቃ ማዕርግ አላወጡም እንጂ ብዙ ነገር አውጥተዋል፤ በግዕዝ ደጃፍ የነበረው «አንቀጽ» በሰዋስው ግሥ፣ በሕግ የድንጋጌ ክፍል ሆነ፤ የበር መረገጫ የነበረው «መድረክ»ም ዛሬ ተዋናይና ተናጋሪ ይቆምበታል።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣሊያን ወረራና ከዚያም በኋላ በቀሩት ጣሊያናውያን የእጅ ባለ ሙያዎች አማካይነት የግንባታና የጋራዥ ቋንቋችን በጣሊያንኛ ተሞላ። ፌሮ፣ ላሜራ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ኩሽኔታ፣ ግራሶ፣ ሳልዳ፣ ሞራሌ፦ እነዚህን የማያውቅ ብረት ሠሪ የለም። የሚያስገርመው «ማጠፊያ» በዚህ ጎርፍ መካከል ሳይወሰድ መቆሙ ነው። ዕቃውን የሚያያይዘው ቡሎን የውጭ ስም ሲይዝ፣ ዕቃው ራሱ የአገር ስሙን ጠበቀ። ምክንያቱን በሰነድ ማረጋገጥ ባይቻልም፣ ፌሮና ላሜራ በገዥውና በሠራተኛው መካከል ብቻ የሚነገሩ ሲሆኑ ማጠፊያ ግን በየቤቱ በር ላይ ስላለ የቤት ሰው ሁሉ ስም ይፈልግለታል የሚል ሐሳብ ይቀርባል።

ይሁን እንጂ ቃሉ አንድ ችግር አለበት፤ ችግሩም የመጣው ከቅርጹ ነው። «ማ—ያ» የሚለው ቅርጽ መሣሪያንም ቦታንም ስለሚያመለክት፣ «ማጠፊያ» የሚታጠፍበት መጋጠሚያም የሚታጠፍበት መሣሪያም ሊሆን ይችላል። በሥራ ቦታ «የፌሮ ማጠፊያ» ፌሮ ማጉበጫ መሣሪያ ነው፤ «የላሜራ ማጠፊያ» ማሽን ነው። «የብረት ማጠፊያ፣ ብዛት 40» የሚል የዕቃ ዝርዝር የደረሰው ግምጃ ቤት፣ ለአርባ ክዳኖች የሚሆን ዕቃ ወይስ አርባ የብረት ማጉበጫዎች ተጠየቀ ብሎ ቢጠይቅ ጥፋቱ የግምጃ ቤቱ አይደለም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ዘርፉ ከተሠራበት ነገር ሳይሆን ከሚይዘው ነገር ይወሰድ፤ «የክዳን ማጠፊያ»፣ «የበር ማጠፊያ» ይባል። ዕቃው የተሠራበት ነገር ቢያስፈልግ «ከብረት የተሠራ የክዳን ማጠፊያ» ማለት ይቻላል።

ለመሆኑ የጉድጓድ ክዳን ማጠፊያ ከበሩ በምን ይለያል? ተርጓሚ ይህን ካላወቀ የቃላት ምርጫው በጭፍን ይሆናል። የበር ማጠፊያ ክብደት ይሸከማል፤ የጉድጓድ ክዳን ማጠፊያ ግን ክዳኑ በወደቀ ጊዜ ምንም መሸከም የለበትም። የመኪናው ጎማ ጭነት ከክዳኑ ወደ ዙሪያው ጠርዝ፣ ከጠርዙም ወደ ግንቡ መውረድ አለበት፤ ማጠፊያው በመካከሉ ከተገኘ ይሰበራል። ጭነቱ ቀላል አይደለም፤ ኢኤን 124 የሚባለው የአውሮጳ ደረጃ ክዳኖችን በስድስት መደብ ሲከፍል፣ ለተሽከርካሪ መንገድ የሚሆነው መደብ በ400 ኪሎ ኒውተን፣ ማለት ወደ 40 ቶን በሚጠጋ ክብደት ተጭኖ እንዲፈተን ያዝዛል። ስለዚህ ማጠፊያው ሆን ተብሎ ላላ ይደረጋል፤ ዘንጉ በቤቱ ውስጥ ጥቂት እንዲንቀሳቀስ ቦታ ይተውለታል፤ ክዳኑ ያለ ማጠፊያው ፈቃድ በጠርዙ ላይ ይተኛል። «ላላ» የሚለውን ቃል በእንዲህ ያለ ሰነድ ያየ ተርጓሚ ስሕተት መስሎት «ጥብቅ» ብሎ እንዳያርመው ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጠላት ውኃና ደለል ነው። ክዳኑ ከመንገድ ጋር እኩል ስለሚተኛ ክረምት ያመጣው ጭቃ ሁሉ የማጠፊያውን ቤት ይሞላዋል፤ በበጋ ይደርቃል፤ ዘንጉም ይዝጋል፤ ሦስት ክረምት ያልተከፈተ ክዳን በአራተኛው በመዶሻ እንጂ በእጅ አይነሣም። የታችኛው ወለል ክፍት የሆነ ወይም የማፍሰሻ ቀዳዳ ያለው ቤት፣ የማይዝግ ብረት ዘንግ፣ ሰፊ ክፍተትና ግራሶ፦ ዕድሜ የሚሰጡት እነዚህ ናቸው። ክዳኑ ከቆመ በኋላ በነፋስ ወይም በድንገተኛ ግፊት በሠራተኛው ራስ ላይ እንዳይወድቅ ደግሞ ከቀጥታ ማዕዘን ጥቂት አልፎ እንዲያርፍና እንዲቆለፍ ይደረጋል። በመንገድ ላይ ማጠፊያው የሚቀመጥበትም ወገን የዘፈቀደ አይደለም፤ መኪና በሚመጣበት ወገን ይሆናል፤ ክዳኑ ሳይታወቅ ተነሥቶ ቢገኝ የመጣው ጎማ እንዲዘጋው እንጂ እንዳይገለብጠው። «ማጠፊያው ወደ ትራፊኩ ፊት ይሁን» የሚል ትርጉም ለሁለት ወገን ይተረጎማል፤ «ተሽከርካሪ አስቀድሞ በሚደርስበት ጠርዝ» ቢባል ግን አይሳሳትም።

በአዲስ አበባ የማጠፊያ ጥቅም ከዚህም ያልፋል። ተነሥቶ ወደ ጎን የሚቀመጥ ክዳን ተነሥቶም ይሄዳል፤ የብረት ክዳን መሰረቅ የከተማው የቆየ ችግር ነው፤ የተሰረቀው ብረት በቁርጥራጭ ንግድ ይቀልጣል፤ ክረምት ሲሆን ክፍቱ አፍ በጎርፍ ተሸፍኖ እግረኛን ይጠብቃል። እግረ መንገዴን፣ አሮጌ ዕቃ እየዞረ የሚገዛው ሰው «ቆራሌው» መባሉ «ቆርቆሮ ያለው» ከሚል ጥሪ ተቆርጦ እንደሆነ በሰፊው ይነገራል፤ የጥሪ ቃላት በመንገድ ላይ እንዴት እንደሚያጥሩ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ማጠፊያ ያለው ክዳን ሌባን ፈጽሞ ባያስቀርም፣ ክዳኑን ከጠርዙ ለመነጠል ጊዜና መሣሪያ እንዲያስፈልገው ያደርጋል።

ከዚህ በላይ ከተመለከተው በመነሣት የሚከተለውን አሳብ ለውይይት አቀርባለሁ። «ማጠፊያ» የሁሉም ዓይነት የወል ስም ሆኖ ይቆይ፤ ቃሉ ሕዝብ ያወጣው፣ የጣሊያንኛውም ጎርፍ ያላናወጠው ስለሆነ በአዲስ ፈጠራ መተካቱ አይጠቅምም። በጎድጓዳ ውስጥ የሚሽከረከረውን የጥንቱን ዓይነት ለመለየት ሲያስፈልግ «መዘውር» ይታሰብ ነበር፤ ነገር ግን ይህ ቃል ለመንኰራኩርና ለመጎተቻ ስለተያዘ «ዟሪ ማጠፊያ» ይሻላል። ለተሸፈነው አፍ «ክዳን»፣ ለድርጊቱም «ከደነ» ይያዝ፤ «መዝጊያ» ለቆመው ሣንቃ ይተው፤ «ደፈነ»ም ጉድጓዱ ከአገልግሎት በሚወጣበት ጊዜ ብቻ ይነገር። ለመካከለኛው ብረት «ዘንግ»፣ ዘንጉ ለሚገባበት ጎድጓዳ ደግሞ «ቤት» በቂ ናቸው፤ የመነጽር ቤትና የቁልፍ ቤት የሚል ሕዝብ የዘንግ ቤት ለማለት መምህር አያስፈልገውም። «ማንሆል»ን በተመለከተ ግን በአሁኑ ሰዓት የቀረቡት ምትኮች፣ «መፈተሻ ጉድጓድ» እና «መውረጃ አፍ»፣ አንደኛው ሰው የማይገባባትን ትንሽ ሣጥን፣ ሁለተኛው የጣራ ውኃ የሚፈስበትን ቱቦ ስለሚያስታውሱ፣ ሠራተኛው የለመደውን ከመንጠቅ በፊት በየሥራ ቦታው ዞሮ ቃል መሰብሰብ ይቀድማል።