ከ«ሰይጣን ቤት» እስከ ሦስት አዳራሽ፦ ወልቂጤና ቡታጅራ የት ቀሩ?

ባለፈው ዓመት እናቴ ለሕክምና ከወልቂጤ መጥታ እኔ ጋ አርፋ ነበር። ሐኪሙ «በሳምንቱ ተመለሱ» ሲለን፣ እስከዚያ ቤት ተዘግቶባት ከምትውል ብዬ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሲኒማ ወሰድኳት። በአንድ ጣራ ሥር ከአንድ በላይ አዳራሽ ካላቸው ዘመናዊ ሲኒማ ቤቶች አንዱ ነው፤ ስሙን እንተወው። አዶት (እኛ ቤት እናት አዶት ናት) ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ሲኒማ ቤት ገብታ አታውቅም።

ወንበራችንን ስናገኝ ከመቀመጧ በፊት ቆም ብላ በረድፉ ለተቀመጡት ሁሉ «እንደምን ዋላችሁ» አለች። ሁሉም ስልኩ ላይ ነበር። ትንሽ ቆይታ ከዳር ያለች አንዲት ወጣት ብቻ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማዘር» አለቻት። ፊልሙ በተባለው ሰዓት አልጀመረም። አርባ ደቂቃ ጠበቅን፤ ይቅርታ ያለን ሰው የለም። ከፊታችን ያለው ልጅ እስከ መጨረሻው ስልኩን አላጠፋም። ከጎረቤት አዳራሽ የፍንዳታ ድምፅ ግድግዳውን ዘልቆ እየመጣ የእኛን ፊልም ለቅሶ ይረብሸዋል። እውነቱን ለመናገር ግን ወንበሩ ምቹ፣ ምስሉ ጥርት ያለ፣ መጸዳጃ ቤቱም ንጹሕ ነበር።

ስንወጣ «እንዴት ነበር?» አልኳት። «ብርዱ ነው እንጂ ጥሩ ነው» አለች። ታክሲ ውስጥ ከገባን በኋላ ደግሞ ማንም ሳይጠይቃት «ወልቂጤ ቢኖር ከዕድር ሴቶች ጋር እሄድ ነበር» አለች።

ይህን ጽሑፍ ያጻፈችኝ ይህች አንዲት ንግግር ናት። ስለ ሲኒማ ቤት ጥሩነትና መጥፎነት ስናወራ ስለ ወንበር፣ ስለ ድምፅና ስለ ፈንዲሻ ዋጋ እናወራለን። ሁሉም ተገቢ ጥያቄ ነው። የሀገራችንን የሲኒማ ታሪክ ወደ ኋላ ሄዶ ያየ ሰው ግን ከሁሉ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ ያገኛል፦ ይህ ቤት ማንን ያስገባል? የገባውስ ሰው ሳይሳቀቅ ይቀመጣል?

*

ታሪኩ የሚጀምረው በፍርሃት ነው። በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት፣ በኋላ ሜጋ አምፊቴአትር በተባለው ስፍራ የነበረው፣ ሕዝቡ ያወጣለት ስም «ሰይጣን ቤት» ነበር። በጨለማ ቤት፣ በጨርቅ ላይ፣ ሥጋና ደም የሌለው ሰው ሲራመድ ያየ ሰው ሌላ ምን ይበለው? ስሙን ስናነሳ እንስቃለን። ነገር ግን አንድ ቤት «የሰይጣን» ከተባለ ጨዋ ሰው አይገባበትም፤ ሚስቱንና ልጁን ደግሞ ጭራሽ አይወስድም። የእኛ ሲኒማ ሲወለድ ጀምሮ ከዚህ ስም ጋር ነው የሚታገለው።

ቀጥሎ የጣሊያን ወረራ መጣ፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.። ፋሺስቶች ሲኒማን ይወዱት ነበር፤ ለፕሮፓጋንዳ የሚስማማው ነገር የለም። ነገር ግን በዘር ሕጋቸው ነጩንና ጥቁሩን በመኖሪያ ሰፈርም በመዝናኛ ቦታም ለያዩ፤ ሲኒማ ቤቱም ከዚህ አላመለጠም። ጣሊያኖች ለሲኒማ ብለው ጀምረውት ሳይጨርሱት የሄዱት አንድ ሕንፃ በኋላ ተሠርቶ በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ተከፈተ። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ነው። ለመለየት ከተጀመረ ቤት ሀገር የሚሰበሰብበት ቤት ወጣ ማለት ነው።

ከነፃነት በኋላ የነበሩት ዓመታት የትልልቅ አዳራሾች ዘመን ናቸው። አምባሳደር፣ ኢትዮጵያ፣ ኢምፓየር፣ መርካቶ ላይ ደግሞ ሲኒማ ራስ። ይህ የመጨረሻው ለእኛ ለጉራጌ ልጆች ልዩ ነው። ከሰባት ቤት፣ ከመስቃን፣ ከክስታኔ በእግሩም በመኪናም መጥቶ መርካቶ ሊስትሮነት ወይም ተላላኪነት የጀመረ ልጅ፣ ከእጁ ላይ ሳንቲም ሲተርፈው ዓለምን የሚያይበት መስኮት እዚያው ሥራው አጠገብ ነበር። የህንድ ፊልም ያለቅሰው ነበር፤ የካውቦይ ፊልም ያስፎክረው ነበር። የአማርኛ ፊልም ግን ገና ነው። የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» የታየው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ «ጉማ» የመጣው ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በአብዮቱ ዋዜማ ነው። ደርግ መጥቶ ሲኒማ ቤቶቹን ወረሰ፤ ሲኒማ ራስም ራስ ቴአትር ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የመርካቶ ጉራጌ በ1950ዎቹ ገንዘብ አዋጥቶ ወደ ትውልድ ቀዬው መንገድ ማስጠረግና ትምህርት ቤት ማሠራት ጀመረ። ከአለም ገና በቡታጅራ አድርጎ ወደ ሆሳዕናና ሶዶ የሚወርደው መንገድ የሕዝብ መዋጮና ጉልበት ያለበት መንገድ ነው። አባቶቻችን በአዲስ አበባ ያዩትን መልካም ነገር ወደ ሀገር ቤት ይዞ መግባት ያውቁ ነበር። መንገድ አስገቡ፤ ትምህርት ቤት አስገቡ። ሲኒማ ቤት ግን አላስገቡም። አልወቅሳቸውም፤ መንገድ ሳይኖር ፊልም አይቀድምም።

*

ወደ እኛ የመጣው ሲኒማ በሌላ በር ገባ፤ በቪዲዮ ቤት።

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ያደገ የወልቂጤም ሆነ የቡታጅራ ልጅ ቪዲዮ ቤትን አይረሳም። የጭቃ ቤት ነው። መስኮቱ በጥቁር ላስቲክ ተሸፍኗል። አግዳሚ ተደርድሯል። ፊት ለፊት ባለ 21 ኢንች ቴሌቪዥንና አንድ ዴክ። ራምቦ፣ ብሩስ ሊ፣ ቫን ዳም፣ አንዳንዴም ሦስት ሰዓት የሚፈጅ የህንድ ፊልም። ፊልሙን ትናንት ያየው ልጅ ከጎንህ ተቀምጦ «አሁን ከኋላው ይመጣል» እያለ ይተርክልሃል። አክተሩ እንደማይሞት ሁላችንም እናውቃለን፤ ሆኖም እንጨነቃለን። ድንገት መብራት ይሄዳል። «ብር ይመለስ!» የሚለው ጩኸት ይቀልጣል፤ ብር ግን አይመለስም። ባለቤቱ «ሲመጣ ትገባላችሁ» ይልና በሩ ላይ ይቆማል።

ክረምት ላይ አክስቴ ጋ ቡታጅራ ስሄድ ያገኘሁት ቪዲዮ ቤትም የዚሁ ወንድም ነበር። ዘቢዳርና የጉራጌ ተራሮች መሐል ላይ ቢቆሙም የሁለቱ ከተሞች አግዳሚ አንድ ዓይነት ነው።

ቪዲዮ ቤት ጥሩ ነበር። ርካሽ ነው። ድሀውም ይገባል። ሳቁም ፍርሃቱም የጋራ ነው። ዛሬ በሚያማምሩት አዳራሾች የማላገኘው ሙቀት እዚያ ነበር። ይሁንና በትዝታ ብቻ አላወድሰውም። አንድ ቀን ታናሽ እህቴ ተከትላኝ መጣች። በር ላይ የነበረው ሰው «አንቺ ወዴት ነሽ?» አላት። እኔም ከእርሱ ብሼ «ሂጂ ወደ ቤት!» ብዬ መለስኳት። ሴት ልጅ ቪዲዮ ቤት ታየች ማለት ስሟ ተነሳ ማለት ነበር። ውስጡ ጫትና ሲጋራ ነው፤ ማታ ማታ የሚታየውም ለልጅ የሚሆን አልነበረም። «ሰይጣን ቤት» የሚለው ስም ብዙ ዓመት ተጉዞ የእኛ ሰፈር ደረሰ፤ በዚህ ጊዜ ግን ስሙ ያለ ምክንያት አልተለጠፈም። ቪዲዮ ቤቱ ቆይቶ ኳስ ቤት ሆነ። በር ላይ በጠመኔ የእንግሊዝ ክለቦች ስም ይጻፋል። አሁንም የሚገባው ወንድ ነው።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ በዲጂታል ካሜራ የሚሠሩ የአማርኛ ፊልሞች ጎረፉ፤ የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። በአዲስ አበባ እሑድ እሑድ ሰልፍ ይታይ ጀመር። አንዳንዶቹም ፊልሞች ፕሮጀክተራቸውን በሚኒባስ ጭነው ወደ ክፍለ ሀገር ይወጡ ነበር። እኛም ዘንድ በመስቀል ሰሞን መጡ። አዳራሽ ተከራይተው፣ በሞንታርቦ ከተማውን እየዞሩ አስለፈፉ። አዳራሹ ጢም አለ፤ ከአዲስ አበባ የመጡ ቤተሰቦች፣ ሴቶችም ሕፃናትም ገቡ። በቴሌቪዥን ሳይሆን በትልቅ ሸራ ላይ የራሳችንን ቋንቋ ስንሰማ ጭብጨባው አዳራሹን ሊያፈርሰው ነበር።

አዶት ያን ቀን የት ነበረች? ማጀት። መስቀል ነው፤ ቆጮው፣ ክትፎው፣ ጎመኑ፣ እንግዳው። ፊልም ይዞ የመጣው ሰው ለገበያው የሚመቸውን ሰሞን መረጠ፤ ያ ሰሞን ግን የወልቂጤ እናት ከጓዳ የማትወጣበት ሰሞን ነው። በሩ ተከፍቶላት ነበር፤ ሰዓቱ ግን የእሷ አልነበረም።

ያም ጉዞ አልዘለቀም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ቢወጣም፣ ፊልሙ ከተማችን ሳይደርስ ሲዲው መንገድ ዳር ይሸጥ ነበር። ቀጥሎ ሳተላይት ዲሽ፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ቃና መጣና የቱርክ ድራማ በአማርኛ ሳሎናችን ገባ። አዶት ፊልም አየች፤ ግን ብቻዋን፣ ቤቷ ተቀምጣ።

*

እስቲ ወደ ዘመናዊው እንምጣ። ብዙ አዳራሽ ያለው ሲኒማ ቤት የቅንጦት ፈጠራ ይመስለናል። ነገሩ የጀመረው በቁጠባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ስታን ደርዉድ የተባለ አሜሪካዊ በካንሳስ ሲቲ አንድ የገበያ ማዕከል ውስጥ ሁለት አዳራሽ ጎን ለጎን ከፈተ። አንድ ትኬት መሸጫ፣ አንድ ፈንዲሻ መሸጫ፣ አንድ የሠራተኛ ቡድን ለሁለት ፊልም። አንዱ ፊልም ተመልካች ቢያጣ ሌላው ቤቱን ያቆመዋል። ህንድ በ1997 እ.ኤ.አ. ዴልሂ ላይ ባለ አራት አዳራሹን ከፍታ ይህንኑ መንገድ ያዘች። እኛም አዲስ አበባ ላይ የኃይሌ ገብረ ሥላሴን ዓለም ሲኒማን፣ የቴዎድሮስ ተሾመን ሴባስቶፖልን፣ ከዚያም ቦሌ መድኃኔ ዓለም ኤድና ሞል ውስጥ ባለ ሦስት አዳራሹን ማቲ ሲኒማን አየን።

የዚህ አሠራር ጥቅሙ ግልጽ ነው። ፊልሙ ሲመጣ በትልቁ አዳራሽ ይታያል፤ ተመልካቹ ሲቀንስ ወደ ትንሹ ይዛወራል እንጂ አይወርድም። የመጀመሪያ ሰዓታቸው ስለሚለያይ ግፊያ የለም። አባት ከልጁ ጋር ካርቱን፣ እናት ከጓደኞቿ ጋር የአማርኛ ድራማ ማየት ይችላሉ፤ ተያይዘው መጥተው ተያይዘው ይመለሳሉ። ጉዳቱም ከዚያው ከቁጠባው ይወለዳል። በሁለት ፊልም መሐል ያለው ጊዜ ሲያጥር አዳራሹ አይጠረግም። ግድግዳው ሲሳሳ የጎረቤት ፍንዳታ ይገባል። ትርፉ ከትኬቱ ይልቅ ከፈንዲሻው ሲመጣ፣ ስልክ አጥፉ ብሎ የሚቆጣጠር ሠራተኛ አይቀጠርም። እኔና አዶት ያን ቅዳሜ ያየናቸው ጉድለቶች በሙሉ ገንዘብ ሳይሆን ተቆጣጣሪ የሚፈልጉ ናቸው።

*

ታዲያ ወልቂጤና ቡታጅራ የት ናቸው? ወልቂጤ የዞን ከተማ ናት፤ ጉብሬ ላይ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪ የሚቀበል ዩኒቨርሲቲ አላት። ቡታጅራ ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ናት። ሁለቱም ፎቅ በፎቅ ሆነዋል፤ ሆቴሉም ካፌውም ሞልቷል። አዳራሽም አለን፤ ለስብሰባ። ባነር ይሰቀላል፤ የውሎ አበል ይከፈላል፤ ከዚያ በሩ ይቆለፋል።

የጉራጌ መንደር መሐል ላይ ጀፎረ አለ። ሰፊ፣ ሣር የለበሰ፣ ቤቶች ግራና ቀኝ የሚተያዩበት ጎዳና ነው። ሠርግም፣ ለቅሶም፣ መስቀልም፣ የከብት ጨዋታም እዚያው ነው። ሀብታሙ አጥሩን ወደ ጀፎረው ልግፋ ቢል የአባቶች ሕግ፣ ቂጫው፣ ይመልሰዋል። ሴት፣ ሽማግሌ፣ ሕፃን ሁሉ ያለ ይሉኝታ ያልፍበታል። ከተሜ ስንሆን ቤት ሠራን፣ ሱቅ ሠራን፤ ጀፎረውን ግን ከመንደር ይዘነው አልመጣንም። አዶት ለማታውቃቸው ሰዎች በረድፍ ሰላምታ ስትሰጥ ሲኒማ ቤቱ ጀፎረ መስሏት ነው። አልተሳሳተችም፤ እንደዚያ መሆን ነበረበት።

ስለዚህ ሀሳቤ ትንሽ ነው። ሦስት ዲ፣ የሚንቀጠቀጥ ወንበር፣ የገበያ ማዕከል አልጠይቅም። አንድ ባለሀብት ሊሠራ ቢነሳ፣ ሺህ ሰው ከሚይዝ አንድ አዳራሽ ይልቅ ሰባ ሰማንያ ሰው የሚይዙ ሁለት ትንንሽ አዳራሾች ይሥራ፤ በከተማችን የሚያዋጣው እሱ ነው። እስከዚያ ደግሞ ከተማ አስተዳደሮቻችን የተቆለፈውን አዳራሽ በሳምንት አንድ ቀን ይክፈቱት። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ዕድሩ ሲያልቅ፣ ምሽት ሳይሆን። ጥሩ ፕሮጀክተር፣ ጥሩ ድምፅ፣ መብራት ሲሄድ የሚነሳ ጄኔሬተር። ጫትና ሲጋራ ክልክል። በተባለው ሰዓት ይጀመር። ፊልሙ ከተቋረጠ ብር ይመለስ። በር ላይ የሚቆመው ሰው ደግሞ እህቴን እንደመለሳት ሰውዬ (እና እንደ እኔ) ዓይነት አይሁን።

አዶት ባለፈው ሳምንት ደውላ ስለ ጤናዋ ስንጨዋወት «ያ ቤት አሁንም አለ?» አለችኝ። አለ አልኳት። «እዚህስ መቼ ይመጣል?» አለች። መልስ አልነበረኝም። ወልቂጤና ቡታጅራ ያላችሁ፣ አዳራሽ ያላችሁ፣ ቁልፍ የያዛችሁ፣ መርካቶ ተቀምጣችሁ ለሀገር ቤት የምታስቡ አንባቢዎች፣ እስቲ እናንተ መልሱላት።