ከልጁ ጀርባ ያለው አገር

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ተንታ የሚሄድ ሰው በኩታበር ያልፋል። መንገዱን ከገፋበት ደግሞ ወደ መቅደላ ይደርሳል። ያገራችን ልጅ መቅደላ ሲባል የሚታወሰው መድፉና ሽጉጡ ነው። እኔ ግን ዛሬ የማወራችሁ ስለ ካሜራ ነው። ነገሩ ዞሮ ዞሮ ኪሳችን ውስጥ ካለው ስልክ ይደርሳልና ታገሡኝ።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ወደቀች፤ አፄ ቴዎድሮስም እጅ ከመስጠት ሞትን መረጡ። ከጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር የመጣው የእንግሊዝ መሐንዲሶች ክፍል ፎቶግራፍ አንሺዎችም ነበሩት። ካርታና ንድፍ እያነሡ ያባዙ ነበር፤ አገሩንና ሰፈሩንም አንሥተዋል። ያን ጊዜ ፊልም የሚባል ነገር የለም። ሥዕሉ የሚያርፈው መድኃኒት በተቀባ የመስተዋት ሰሌዳ ላይ ነው፤ ሰሌዳው ሳይደርቅ መነሣትም መታጠብም አለበት። ፎቶግራፉ አብዛኛውን ጊዜ የሚታተመው በሰሌዳው ልክ ስለሆነ፣ ትልቅ ሥዕል የፈለገ ሰው ትልቅ ካሜራ መሸከም ግዴታው ነበር።

የንጉሡ ልጅ ዓለማየሁ ያን ጊዜ ሰባት ዓመቱ ነው። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ከጦሩ ጋር ሲጓዙ መንገድ ላይ ሞቱ፤ ልጁ ከካፒቴን ስፒዲ ጋር ወደ እንግሊዝ ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1868 በዋይት ደሴት ላይ ወይዘሮ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፎቶግራፍ አነሡት። (ካሜሮን የባላቸው ስም ነው፤ የሙያ ቅጽል እንዳይመስላችሁ።)

ወይዘሮዋ በእነዚያ ዓመታት የሚሠሩበት ሰሌዳ 38 በ30 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር። የባለ 35 ሚሊ ሜትሩ ካሜራ ፊልም፣ ወይም ዛሬ በፊልም ፈንታ የገባው ሴንሰር፣ 36 በ24 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የስልክማ ከጥፍር አይበልጥም። ታዲያ ይኸ ልዩነት ምን ያመጣል? እስቲ እናስላው።

ልጁ ከካሜራው 2 ሜትር ተኩል ርቆ ተቀምጧል እንበል። ትልቁን ሰሌዳ ለመሙላት ረጅም ሌንስ ያስፈልጋል፤ የወይዘሮዋ ሌንስ የትኩረት ርቀት 76 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነበር። ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ የዚህ አንድ ስምንተኛ፣ ማለትም «ኤፍ 8» ቢሆን፣ ወርዱ 9 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል። ለባለ 35ቱ ከዚህ ጋር የሚመጣጠነው የ67 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው፤ በኤፍ 8 ቀዳዳው ከ8 ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም። በሰፊ ቀዳዳ የገባ ብርሃን፣ ነገሩ ልክ በተተኮረበት ርቀት ላይ ካልሆነ በቀር፣ ነጥቡን ወደ ክብ ይለውጠዋል። ብዥታ ማለት ይኸው ነው።

ሥዕሎቹ በእኩል መጠን ቢታዩ፣ በትልቁ ሰሌዳ ላይ ጥርት ብሎ የሚወጣው ርቀት 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ዓይኑ ከጠራ ጆሮው ይደበዝዛል ማለት ነው። በባለ 35ቱ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይጠራል። ሴንሰሯ የጥፍር ያህል በሆነች ካሜራ ደግሞ፣ በዚያው ኤፍ 8፣ ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ስምንት ሜትር ያለው ሁሉ ይጠራል።

«ታዲያ የጦሩ ሰዎችስ ሰሌዳቸው መስተዋት አልነበረም?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ግን አምባ ሩቅ ነው፤ አይንቀሳቀስምም። ቀዳዳውን አጥብቦ መጠበቅ ይቻላል። የቀዳዳው ወርድ በግማሽ ሲጠብ የሚፈጀው ጊዜ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ልጅ ደግሞ እንደ አምባ አይቆምም። መቼም ወይዘሮዋ ብዥታውን ወደውታል። ባለሙያዎች ቢነቅፏቸውም አልተዉትም።

እንግዲህ የመቅደላ ነገር በፎቶግራፍ ሲታይ ለሁለት የተከፈለ ነው። በአምባው ሥዕል አገሩ አለ፤ የሰው ፊት ግን አይለይም። በዓለማየሁ ሥዕል ፊቱ አለ፤ ከጀርባው አገር የለም። የአባቱማ በሕይወት ሳሉ የተነሡት ፎቶግራፍ አይታወቅም። አገሩን የነጠቀው ሌንስ ነው አልልም፤ የነጠቀው ጦርነት ነው። ልጁ እ.ኤ.አ. በ1879 በ18 ዓመቱ ሊድስ ሞተ፤ ዊንዘር ተቀበረ።

እኛ ዕድለኞች ነን። ያቺ የምንንቃት የስልክ ሴንሰር፣ በትንሽነቷ ምክንያት፣ ደጃፍ ላይ የተቀመጡትን አያትና ከኋላቸው ያለውን ጋራ ባንድነት ትይዛለች። አሁን አሁን ግን ስልኮቹ የትልቁን ካሜራ ብዥታ በስሌት ያስመስላሉ፤ ሰውየውን ለይተው ከጀርባው ያለውን ሁሉ ያደበዝዛሉ። ያምራል፣ አልክድም። ቢሆንም ክረምት አገር ቤት ስትገቡ፣ አያታችሁን አንዴ ማደብዘዣውን አጥፍታችሁ አንሧቸው። የጋራውንም ስም ጠይቁና ከታተመው ሥዕል ጀርባ ጻፉት።