ከእርፍ ወደ መንበር

በካናዳ፣ በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር፣ ከባሪ ከተማ አጠገብ በምትገኘው በክራውን ሂል መንደር እ.ኤ.አ. በ1878 የተወለዱት አቶ ኧርነስት ቻርልስ ድሩሪ፣ አባታቸው አስቀድሞ የቀያቸውን ምክር ቤት በሊቀ መንበርነት የመሩ፣ ኋላም የክፍለ ሀገሩ የመጀመሪያው የእርሻ ሚኒስትር የሆኑ ገበሬ ነበሩና፣ እርፍ መጨበጥንና ሕዝብ ማገልገልን ከአንድ ቤት ተማሩ።

ወጣቱ ወደ ከተማ እየፈለሰ ገጠሩ ሲራቆት ያዩ የኦንታሪዮ ገበሬዎች በ1914 የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ፤ በ1918ም የካናዳ መንግሥት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመቻ ነጻ ይሆናሉ ያላቸውን የገበሬ ልጆች ቃሉን አጥፎ ወደ ጦር ሜዳ በጠራ ጊዜ፣ ኀዘናቸውና ቁጣቸው በምርጫ ሣጥን ተገለጠ። በጥቅምት 1919 ማኅበሩ ከፓርቲዎች ሁሉ የሚበልጥ መቀመጫ ቢያገኝም መንግሥት የሚመራለት ሰው አላዘጋጀም ነበርና፣ በምርጫው ያልተወዳደሩት ድሩሪ ተጠርተው፣ ከሠራተኞች ወገን ጋር ተባብረው የክፍለ ሀገሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

ዘመነ ሥልጣናቸው አራት ዓመት ባይሞላም፣ ባሎቻቸው ለሞቱባቸው እናቶች ድጎማን፣ ለሴቶች ሠራተኞች ዝቅተኛ የደመወዝ ወሰንን፣ ለተራቆተው መሬት የደን ተከላን ሥራ ላይ አዋሉ። ይሁን እንጂ ማኅበሩ ለገበሬ ብቻ ይቁም ወይስ ለሁሉ ይከፈት በሚል ክርክር ተከፋፍሎ በ1923 ምርጫ ተሸነፈ።

ድሩሪ ግን ከልዕልና መውረድን እንደ ውርደት ሳይቆጥሩ፣ ከ1934 ጀምሮ በትውልድ አውራጃቸው በሲምኮ በሸሪፍነትና በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ለብዙ ዓመታት አገለገሉ፤ የሕዝብ አገልጋይ ክብሩ በመንበሩ ከፍታ ሳይሆን በአገልግሎቱ ቅንነት እንደሚመዘን ሕይወታቸው ምስክር ነው።