ባሌስትራ የተደረበላት ፒክአፕ

ሸዋ ሮቢት ከአውቶቡስ ወርደን ወደ ቆላው የሚያወርደን መኪና ስንጠይቅ ያገኘነው አንዲት አሮጌ የላንድክሩዘር ፒክአፕ ነው። ሰው እስኪሞላ ሥራ ስላልነበረን ከሥሯ ጎንበስ ብለን ባሌስትራዋን አየን። ፋብሪካው ካሰረላት ላይ ዝገቱ የተለየ ሁለት ባሌስትራ ተደርቦላታል፤ ከሌላ ከባድ መኪና ተቆርጦ የመጣ መሆኑ ያስታውቃል። ኋላዋ ላይ ቱቦላሬ ተበይዶ ሸራ ለብሷል፤ ግራና ቀኝ የጣውላ አግዳሚ አለ፤ ከጋቢናው ላይ ፖርቶመጋላ ተቀምጧል፤ ሞተሩ አየር የሚስብበት ቱቦ በመስተዋቱ ጎን ሽቅብ ወጥቷል። «ይቺማ መኪና መሆኗ ቀርቶ ቤት ሆናለች» አለ ከመካከላችን አንዱ። ሳቅን። ማታ ግን ነገሩ መልሶ መጣብን፤ የታሪክ ተማሪዎች ነንና። ስለ ነገሥታቱ ስንትና ስንት ገጽ አንብበናል፤ ይህችን መኪና እንዲህ አድርጎ ስለ ሠራት ሰው ግን አንድ መስመር እንኳ አላነበብንም።

በሌላው ዓለም፣ በአሜሪካም ሆነ በአውስትራሊያ፣ ፒክአፕን ከፍ አድርጎ፣ ጎማውን አስፍቶ፣ ድንኳን ጭኖ ከመንገድ ውጭ መንዳት የዕረፍት ቀን ጨዋታ ነው። ሰውየው መንገድ አለው፤ ትቶት ይወጣል። የይፋት ቆላ ሰው ግን ትቶት የሚወጣው መንገድ መቼ አለውና! ስለዚህ ታሪኩን ከመኪናው በፊት መጀመር ግድ ይሆንብናል።

ይፋት ከጥንት ጀምሮ ጭነት የሚለዋወጥበት አገር ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ የወላስማ ሥርወ መንግሥት እዚህ ሲነሣ ኃይሉ ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋው በሚወጣው ንግድ ላይ የቆመ ነበር። ግመል ቆላውን ይችላል፤ ዳገቱንና ብርዱን ግን አይችልም። ስለዚህ ጨው ጭኖ የመጣው ግመል ከተራራው ግርጌ፣ እንደ አልዩ አምባ ባለ ገበያ ይራገፋል፤ ከዚያ ወዲያ ሸክሙ የአህያና የበቅሎ ነው። በ1833 ዓ.ም. ከታጁራ ተነሥቶ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው የእንግሊዙ መልእክተኛ የካፒቴን ሃሪስ ጓዝ እስከ ፋሬ በግመል መጣ፤ ወደ አንኮበር የወጣው ግን በሰው ትከሻ ነው። ትከሻው የማን ነበር? የዚያው አገር ገበሬ ነው፤ ስሙ አልተጻፈም።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲገባ ይህን ወሰን በድማሚት ሰበረው። ጣርማ በር ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ፣ ተራራውን ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ፈልፍሎ መንገዱን በደብረ ሲና በኩል 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው ሸዋ ሮቢት አወረደው። ዓላማው ጦሩን ማመላለስ ነበር እንጂ የይፋትን ማሽላ ገበያ ማድረስ አልነበረም። በአምስት ዓመቱ ሲወጣ ግን መንገዱን፣ «ትሬንታ ኳትሮ» የምንላቸውን የፊያት ካሚዮኖችና ቋንቋውን ትቶልን ሄደ። ጋራዡ እስከ ዛሬ ጣሊያንኛ ይናገራል፤ ባሌስትራ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ጎሚስታ። የእንግሊዝን ላንድሮቨርም ሆነ የጃፓንን ቶዮታ የምንፈታው በጣሊያን ቃል ነው። (የቋንቋ ክፍል ጓደኞቻችን ይኸን ምነው ባይተዉት!)

መንገዱ ግን አንድ መስመር ነው። ከመስመሩ በስተምሥራቅ እስከ አዋሽ የሚዘልቀው ቆላ እንዳለ ቀረ። እዚያ ለመግባት ሌላ ዓይነት መኪና ያስፈልግ ነበር፤ እሱም የመጣው ከሩቅ ነው። ላንድሮቨር በሚያዝያ 1940 ዓ.ም. አምስተርዳም ላይ ስትታይ ለገበሬ የታሰበች ነበረች፤ ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዝ አገር ብረት በራሽን ስለ ነበር አካሏ ከአሉሚኒየም ሆነ። ቶዮታ በበኩሉ በ1943 ዓ.ም. ቢጄ የተባለችውን ሠርቶ ፉጂ ተራራ ላይ እስከ ስድስተኛው ጣቢያ አወጣት፤ ላንድክሩዘር የሚለው ስም የወጣው በ1946 ዓ.ም. ነው። እኛን ያሳፈረችን ዓይነት ለገበያ የቀረበችው በ1977 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ኮረም ላይ የተነሣው የረሃብ ፊልም ዓለምን ባስደነገጠበት ሰሞን ነው። እንዲህ ያሉት መኪናዎች ወደ ገጠር የዘለቁት በአመዛኙ በመንግሥት መሥሪያ ቤትና በእርዳታ ድርጅት እጅ ነው፤ ሲያረጁ በጨረታ ወጥተው ነጋዴ እጅ ይገባሉ። ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ የእኛ ጋራዥ ሥራውን የሚጀምረው።

ሰውን በፒክአፕ ኋላ ማስቀመጥ የገጠር ፈጠራ ብቻ እንዳይመስለን። አዲስ አበባም «ውይይት» ነበራት፤ ፒክአፕ ላይ ሁለት አግዳሚ ተገጥሞ ተሳፋሪው ፊት ለፊት ስለሚተያይ ስሟን ከዚያ አገኘች። አይሱዙ የጭነት መኪና ላይ በላሜራ የአውቶቡስ አካል እየተቀጠቀጠ «ቅጥቅጥ» የተባለውም የዚሁ ዘመድ ነው። የይፋቷ ፒክአፕ ግን ከእነሱ የሚለያት አስፋልት የሌላት መሆኗ ነው።

እስቲ አንድ በአንድ እንያት። ሮቢና ጀውሃ ወንዞች ቆላው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደጋው ላይ በዘነበው ዝናብ ደራሽ ይሆናሉ። በቤንዚን ሞተር ጊዜ ሾፌሩ ወንዝ ዳር ቆሞ የፋኑን ቺንጊያ ይፈታ ነበር፤ ፋኑ ውሃ እየረጨ ሞተሩን እንዳያጠፋበት። ናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ ውሃ ከሳበ ግን ይሰበራል፤ ፒስተን አየር ያምቃል እንጂ ውሃ አያምቅም። ቱቦው ሽቅብ የወጣው ለዚህ ነው። አሸዋ ሲሆን ጎማው ይተነፍሳል፤ የመሬቱ መርገጫ ይሰፋለታል። ዋልካው በዘነበ ጊዜ ግን ጥበብ ሁሉ ያልቃል፤ ወርዶ መግፋት ነው፤ እኛም ገፍተናል።

ባሌስትራው ላይ ቆየት ማለት እንፈልጋለን። ባሌስትራ ሲደረብ መኪናዋ ከፍ ትላለች፤ ድንጋይ ሆዷን አይነካትም፤ ብትጭናትም አታጎነብስም። ነገር ግን ሻንሲው፣ አክሰሉና ፍሬኑ ያው የፊቱ ናቸው። የተደረበው ብረት የጨመረላት የመሸከም አቅም የለም፤ ከብዷታል ብሎ የሚናገረውን ማጎንበሷን ነው የደበቀው። ሰው ፖርቶመጋላው ላይ ሲወጣ ደግሞ ክብደቱ ሁሉ ወደ ላይ ይሆንና መታጠፊያ ላይ ትገለበጣለች። ይኸን ላንድ አዛውንት መካኒክ፣ «ጋሼ፣ ይኸ ሲደረብባት መኪናዋ አትጎዳም ወይ?» ብለን አቀረብንላቸው።

«ትጎዳለች እንጂ!» አሉን እጃቸውን በናፍጣ እየታጠቡ። «እናንተ መንገዱን ሠርታችሁ ኑ፤ እኔ በማግስቱ እፈታዋለሁ።»

መልስ አልነበረንም። መካኒኩን መውቀስ ቀላል ነው፤ በሕግ መጽሐፍም የሚጠየቀው ሾፌሩና ባለንብረቱ ነው። ይሁንና የሃሪስን ጓዝ የተሸከመው ትከሻና ይህ የተደረበ ብረት የቆሙት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ መንገዱ ከሚያልቅበት ላይ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ በዘለቀ ጊዜም ሰው ልጁን አዝሎ ባገኘው የጭነት መኪና ኋላ ወደ ደብረ ብርሃን ሲሸሽ፣ ስንት ይጭናል ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ስንመለስ ሌሊት ነበር። መንገድ ላይ መብራት የሚያወዛውዙ ሰዎች አስቆሙን፤ ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ይዘው ወጥተዋል። ለየወረዳው አምቡላንስ መታደሉን እናውቃለን፤ ያን ሌሊት ግን ሌላ ቀበሌ ሄዷል አሉን። ረዳቱ ፍየሎቹን አወረደ፤ እኛም አግዳሚውን ለቀን ፖርቶመጋላው ላይ ወጣን፤ ቀን ስለ መገልበጥ የተናገርነውን እያስታወስን። ሾፌሩ በአንደኛ ማርሽ ነዳ። ሸዋ ሮቢት ሐኪም ቤት በር ላይ ስትወርድ እየነጋ ነበር። ከእሷ ኪራይ አልተቀበለም፤ ከእኛ ግን ሳንቲም ሳያጎድል ተቀበለ።